ዕብራይስጥ የማይጠይቅ ጥንቃቄ፦ የቤተሰባችንን መረጃ ከስልክ ሌቦች እንዴት እንጠብቅ?

በዚህ ገጽ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኪራይና ስለ ዕቃ ግዢ መብቶች ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ዛሬ የምንነጋገረው ገንዘብ ከኪሳችን ከመውጣቱ በፊት ከእጃችን ስለሚወጣ ሌላ ነገር ነው። እርሱም የግል መረጃችን ነው፤ የተኡዳት ዜሁት ቁጥራችን፣ የባንክና የአሽራይ ዝርዝራችን፣ የኩፓት ሆሊም ፋይላችን፣ የልጆቻችን ፎቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስልካችን የሚመጣልን ኮድ።

ነርሶች ስለዚህ ጉዳይ ምን አገባቸው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ በየሰፈሩ ክሊኒክ የምንሠራ አማርኛ ተናጋሪ ነርሶች ደም ግፊት ስንለካና ቁስል ስናጥብ «ልጄ፣ ይህቺን መልእክት እስቲ እዪልኝ» የሚል ቃል በየጊዜው እንሰማለን። መልእክቱ አንዳንዴ እውነተኛ የምርመራ ቀጠሮ ነው፤ አንዳንዴ ግን ማጥመጃ ነው። ሁለቱም በዕብራይስጥ ተጽፈዋል፤ በሁለቱም ላይ የመሥሪያ ቤት ስም አለ። የሰውን ምስጢር መጠበቅ የሙያችን ግዴታ ስለሆነም፣ መረጃ ከማይገባው ሰው እጅ ሲገባ ምን ያህል እንደሚጎዳ እናውቃለን።

ብዙ ወላጆቻችን «ዕብራይስጥ አላነብም፤ እኔ ራሴን በምን እጠብቃለሁ?» ይሉናል። ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ እንዲያዝልን ብንጠየቅ የምንመርጠው የዚህን ጥያቄ መልስ ነው። ዋናው ጥንቃቄ ዕብራይስጥም ኮምፒውተርም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንዲት ጥያቄ ናት፦ «የደወለው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ እነርሱ ናቸው?» እነርሱ ከደወሉ ወይም እነርሱ መልእክት ከላኩ ምንም ቁጥር አንሰጥም። እንዘጋለን፤ ከዚያም በምናውቀው ቁጥር ራሳችን እንደውላለን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህች ሕግ ማብራሪያ ነው።

ስማችንን ማወቁ ማንነቱን አይመሰክርም

አጭበርባሪ ሲደውል «አንቺ ማን ነሽ?» ብሎ አይጀምርም። ሙሉ ስማችንን፣ የተኡዳት ዜሁት ቁጥራችንን፣ አንዳንዴም አድራሻችንን እርሱ ይነግረናል። ሰሚው «ይህን ሁሉ ካወቀ በእውነት ከመንግሥት ቢሆን ነው» ብሎ ያምናል። ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እነዚህ ዝርዝሮች በአገራችን ከተበተኑ ቆይተዋል። በ2006 የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር የኮንትራት ሠራተኛ የነበረ ሰው የሕዝብ መዝገቡን ሰርቆ አወጣ። መዝገቡ በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም ጨምሮ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ስም፣ ቁጥርና የቤተሰብ ዝምድና የያዘ ነበር። በኋላም «አግሮን» በሚል ስም በኢንተርኔት ተሰራጨ፤ ነገሩ ለሕዝብ በይፋ የተገለጸው በ2011 ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ ለምርጫ ዘመቻ ያገለግል በነበረ አንድ መተግበሪያ ጉድለት ምክንያት ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጉ መራጮች ዝርዝር ለማንም ክፍት ሆኖ ተገኘ። በዝርዝሩ ውስጥ ስም፣ አድራሻና የተኡዳት ዜሁት ቁጥር ነበረበት።

ይህን የምንነግራችሁ እንድትፈሩ አይደለም። ዘጠኙን አሃዝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ባለሥልጣን እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። የተኡዳት ዜሁት ቁጥር በደጃችን ላይ እንደተለጠፈ ስም ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሊያነበው ይችላል። ስም የሚያነብ ሁሉ ደግሞ ዘመድ አይደለም። በስልካችን ላይ የሚታየው የደዋይ ቁጥርም ማረጋገጫ አይሆንም፤ አጭበርባሪዎች የባንክ ወይም የፖሊስ ቁጥር እንዲታይ አድርገው መደወል ይችላሉ።

ኮዱ የቤታችን ቁልፍ ነው

ስም በደጃፍ ላይ ከተጻፈ፣ ቁልፉ ምንድን ነው? ቁልፉ በመልእክት የሚመጣው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ነው። ወደ ኩፓት ሆሊም የግል ገጻችን ስንገባ፣ ከባንክ ገንዘብ ስናዘዋውር፣ ዋትሳፕን በአዲስ ስልክ ላይ ስንከፍት፣ ይህ ቁጥር በስልካችን ይመጣል። አጭበርባሪው ስማችንንና ቁጥራችንን ይዞ እስከ በሩ ደርሷል። የጎደለው ይህ ኮድ ብቻ ነው። የሚደውልልንም ይህንኑ ከአፋችን ለመቀበል ነው።

ኮዱን የሰጠ ሰው ምን ሊያጣ እንደሚችል እናስብ። የባንክ ኮድ ከሆነ ገንዘብ ይሄዳል። የዋትሳፕ ኮድ ከሆነ ስማችንና ፎቶአችን በሌባ እጅ ይገባል፤ ሌባውም ለዘመዶቻችን «ተቸግሬአለሁ፣ በቢት ትንሽ ገንዘብ ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። የኩፓት ሆሊም ኮድ ከሆነ የደም ምርመራ ውጤት፣ የምንወስደው መድኃኒት፣ የሐኪሙ ማስታወሻ፣ ለአእምሮ ጤንነት የተደረገ ሕክምና ሳይቀር ይታያል። ገንዘብ ሠርተን እንተካዋለን። የወጣ ምስጢር ግን ተመልሶ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ እኛ ራሳችን ወደ ባንክ ወይም ወደ ኩፓት ሆሊም ስንደውል፣ ሠራተኛዋ ማንነታችንን ለማረጋገጥ ኮድ ልካ እንድናነብላት ትጠይቃለች። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ የደወልነው እኛ መሆናችን ላይ ነው፤ ቁጥሩን ያገኘነውም ከአሽራዩ ጀርባ ወይም ከኩፓት ሆሊም ካርዳችን ላይ ነው። እነርሱ ደውለው ኮድ ከጠየቁ ግን መልሱ ምንጊዜም «አይሆንም» ነው።

ማጥመጃዎቹን እንወቃቸው

የመጀመሪያው ሊንክ ያለበት መልእክት ነው። «ከዶአር የመጣ ዕቃ አለዎት፣ የጉምሩክ ጥቂት ሼቄል ይክፈሉ»፣ «የክቪሽ 6 ዕዳ አለብዎት፣ ዛሬ ካልከፈሉ ቅጣት ይጨመራል»፣ «ከቢቱዋህ ሌኡሚ የሚመለስልዎት ገንዘብ አለ» ይላል። የሚጠየቀው ገንዘብ ሆን ተብሎ ትንሽ ይደረጋል። ሌባው የሚፈልገው ያቺን ትንሽ ገንዘብ ሳይሆን ለክፍያው የምንጽፈውን የአሽራይ ቁጥር ነው። መፍትሔው ሊንኩን አለመንካት ነው። ዕዳው እውነት ከሆነ በፖስታም ይመጣል፣ ደውለን ስንጠይቅም ይነገረናል። የቢቱዋህ ሌኡሚ የስልክ ማእከል ኮከብ 6050 ነው።

ሁለተኛው የስልክ ጥሪ ነው። «ከባንኩ የደኅንነት ክፍል ነኝ፤ አሁን አንድ ሰው ከሂሳብሽ ገንዘብ እየወሰደ ነው፤ እንዳስቆምልሽ ኮዱን ቶሎ ንገሪኝ» ይላል። አንዳንዱም «ችግሩን ከርቀት ላስተካክል» ብሎ ኤኒዴስክን ወይም ቲምቪውርን የመሰለ ፕሮግራም እንድንጭን ያዝዛል። እነዚህ ፕሮግራሞች በራሳቸው ሕጋዊ ናቸው፤ ነገር ግን ስልካችንን ወይም ኮምፒውተራችንን ለማናውቀው ሰው እንደ መሪ አሳልፈው ይሰጣሉ። የዚህ ማጥመጃ መሣሪያ ጥድፊያ ነው። አባቶች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉትን እናስታውስ። «አሁኑኑ» የሚል ሰው ሲደውል ዘና ብሎ መዝጋት ይበጃል። ለአምስት ደቂቃ ብንዘገይ እውነተኛ ባንክ አይቀየመንም።

ሦስተኛው በዋትሳፕ የሚመጣ የዘመድ ልመና ነው። የአክስት ልጅ ስምና ፎቶ ያለበት ሰው «በስሕተት ወደ አንቺ ስልክ ስድስት አሃዝ ቁጥር ልኬአለሁ፣ መልሰሽ ላኪልኝ» ይላል። ስድስቱ አሃዝ የእኛው የዋትሳፕ ቁልፍ ነው፤ የአክስታችን ልጅ ዋትሳፕም አስቀድሞ ተሰርቋል ማለት ነው። ስለዚህ በጽሑፍ አንመልስም፤ በተራ ስልክ ደውለን ድምፁን እንሰማለን። ዛሬ የሰው ድምፅ በኮምፒውተር ሊመሰል ስለሚችል፣ ገንዘብ ሲጠየቅ ለማረጋገጥ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው አንድ ቃል ቢኖር መልካም ነው። አያታችን የተወለዱበት መንደር ስም ወይም ድሮ የነበረን በሬ ስም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቃል በኢንተርኔት ላይ ማንም አያገኘውም።

አራተኛው ኮድ እንኳ ሳንሰጥ የሚሠራ ነው። በ2018 የአገሪቱ የሳይበር ባለሥልጣን ያስጠነቀቀበት ስርቆት እንዲህ ነበር። ሌባው ሌሊት ተኝተን ሳለን የዋትሳፕ ኮድ በድምፅ ጥሪ እንዲመጣ ያዝዛል። ስላላነሣነው ጥሪው የድምፅ መልእክት ሳጥናችን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ደግሞ እንደ 0000 ወይም 1234 ባለ ከመጀመሪያው በተሰጠ ቁጥር የሚከፈት ከሆነ፣ ሌባው ከርቀት ገብቶ ኮዱን ይሰማል። ስለዚህ «ታ ኮሊ» የምንለውን ሳጥን የማንጠቀምበት ከሆነ የስልክ ኩባንያችንን ጠርተን እናስዘጋው፤ የምንጠቀምበት ከሆነ ቁጥሩን እንቀይረው።

ስልክ መዝጋት ነውር አይደለም

ወላጆቻችን የሚጠቁት ስለማያውቁ ብቻ አይደለም። ጨዋ ስለሆኑም ነው። በእኛ አስተዳደግ የሚናገርን ሰው ማቋረጥ፣ ይልቁንም «ከመንግሥት ነኝ» የሚልን ሰው፣ ነውር ነው። አጭበርባሪው ይህን ጨዋነት ያውቀዋል፤ ይነግድበታልም።

ስለዚህ ጨዋ መውጫ እናስተምራቸው። በዕብራይስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፦ «ቶዳ፣ አኒ ኤትካሼር ቤአፅሚ»፤ «አመሰግናለሁ፣ እኔ ራሴ እደውላለሁ» ማለት ነው። ይህን ብሎ መዝጋት ማንንም አያስከፋም። እውነተኛ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ «እሺ» ይላል። የሚቆጣ፣ የሚያስፈራራ፣ «አትዝጊ» የሚል ሰው ግን በቁጣው ማንነቱን ገልጧል። ልጆች ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከእናትና ከአባት ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ጨዋታ ቢለማመዷት አፍ ላይ ትቀራለች።

ልጅ አስተርጓሚ ሲሆን

በብዙ ቤቶቻችን የእናት ስልክ የሚከፈተው በልጅ ወይም በልጅ ልጅ እጅ ነው። ልጁ መልእክቱን ያነባል፣ ቶፌሱን ይሞላል፣ የይለፍ ቃሉን ይመርጣል፣ ኮዱን ያስገባል። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ሆኖም ልንነጋገርባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የቤተሰቡ በር ጠባቂ ሆኗል። «ይህን ሊንክ ንኪ» የሚለውን ማጥመጃ ከወላጁ ይልቅ ፈጥኖ የሚነካውም እርሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕጉን መጀመሪያ የምናስተምረው ለልጁ ነው፦ የእናትህን ኮድ ለማንም አትልክም፤ የተጠራጠርከውን መልእክት ሳትነካ ለትልቅ ሰው ታሳያለህ።

ሁለተኛ፣ ልጁ ማየት የማይገባውን ያያል። እናት ለልጇ ያልነገረችውን ሕመም ልጁ ከስልኳ ላይ ያነባል። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ የሕክምና ምስጢር እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ ይህም መብት በቤት ውስጥ የእናት መብት ነው። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ለታካሚው በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲሆኑ አዝዟል። ስለዚህ ከበድ ያለ ጉዳይ ሲኖር ልጅን በመካከል ከማስገባት ይልቅ በክሊኒኩ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ተገቢ ነው። ልመና አይደለም።

ለረዳትነት ደግሞ ከቤተሰቡ አንድ የታመነ ትልቅ ሰው ይመረጥ። የይለፍ ቃሉ በስልኩ ጀርባ ተለጥፎ ወይም በቦርሳ ውስጥ ከአሽራዩ ጋር ታስሮ አይቀመጥ። መጻፍ የግድ ከሆነ በቤት ውስጥ ሰነድ በሚቀመጥበት ቦታ ይሁን።

ስለ ልጆች ፎቶም አንድ ቃል እንበል። የልጅን ፎቶ ከትምህርት ቤቱ ስም፣ ከልደት ቀኑና ከሰፈሩ ጋር አድርጎ ለሁሉም በሚታይ ገጽ ላይ መለጠፍ ለማናውቀው ሰው ብዙ ነገር ይነግራል። የሐኪም ወረቀትና የተኡዳት ዜሁት ፎቶም በቤተሰብ የዋትሳፕ ቡድን ውስጥ መላክ የለበትም። ቡድኑ ውስጥ ካሉት ሰላሳ ሰዎች የአንዱ ስልክ ቢሰረቅ ሁሉም ይወጣል። አንድ ሰው ልጃችሁን በኢንተርኔት የሚያስፈራራ፣ የሚያዋርድ ወይም ፎቶ ላክ እያለ የሚያስጨንቅ ከሆነ፣ ለልጆች የኢንተርኔት ጥበቃ ወደ ተቋቋመው ማእከል በ105 ይደወላል። ለልጁም «አልቆጣህም፣ ንገረኝ» ብለን አስቀድመን ቃል እንግባለት። ቁጣን የሚፈራ ልጅ ችግሩን ደብቆ ብቻውን ይሸከመዋል።

ሥራ ስንፈልግ

ሥራ ፈላጊ ሰው መረጃውን ለማያውቀው ሰው ለመስጠት ይገደዳል፤ አጭበርባሪዎችም ይህን ያውቃሉ። «ከቤት ሳትወጡ በቀን ብዙ መቶ ሼቄል» የሚል ማስታወቂያ በዋትሳፕና በቴሌግራም ይመጣል። መጀመሪያ ቪዲዮ በማየት ወይም «ላይክ» በማድረግ ጥቂት ገንዘብ ይሰጣሉ። እምነት ካገኙ በኋላ «ወደ ከፍተኛው ደረጃ ለመግባት ገንዘብ አስገቡ» ይላሉ፤ ያስገባነው ገንዘብ አይመለስም።

ለእውነተኛ ሥራ ምን ይሰጣል? ከቃለ መጠይቅ በፊት ስም፣ ስልክና የሥራ ልምድ ይበቃል። የተኡዳት ዜሁት ፎቶ፣ የባንክ ሂሳብና «ቶፌስ 101» የሚሰጡት ሥራው ከተረጋገጠና አሠሪው ማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው። የአሽራይ ቁጥርና በመልእክት የመጣ ኮድ ግን ለአሠሪ በጭራሽ አይሰጥም፤ ደመወዝ ለመክፈል አሽራይ አያስፈልግም። «ለምዝገባ» ወይም «ለፋይል መክፈቻ» ክፈሉ ቢሏችሁም እንቢ በሉ። በ1959 የወጣው የሥራ አገልግሎት ሕግ የግል ሥራ አገናኝ ቢሮ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል።

ለወጣቶች በተለይ የምንነግረው አለ። «የባንክ ሂሳብህን አበድረኝ፤ ገንዘብ ይገባበታል፤ አንተ ድርሻህን ወስደህ ቀሪውን ታስተላልፋለህ» የሚል ሥራ ሥራ አይደለም። የሚገባው ገንዘብ ከሌላ እናት የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያገኘው ስምም የሂሳቡን ባለቤት ስም ነው።

ከሙያችን የምንጨምረው ሌላ ወረቀት አለ፦ «ቪቱር አል ሶዲዩት ሬፉኢት»፣ የሕክምና ምስጢር ማንሻ ፈቃድ። የኢንሹራንስ ኩባንያ፣ ጠበቃ፣ አንዳንዴም አሠሪ ይህን እንድንፈርም ያቀርባል። የፈረምንበት ቃል ሰፊ ከሆነ ፋይላችን በሙሉ ሊከፈት ይችላል። ሳንፈርም በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ለማን ይሰጣል? ለምን ጉዳይ? ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት ያለው መረጃ? ፈቃዱ ለጉዳዩ በሚያስፈልገው ብቻ እንዲወሰን መጠየቅ ይቻላል።

ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ

በክሊኒክ ውስጥ የምናየው አስቸጋሪው ነገር ዝምታ ነው። ሰው ገንዘቡ ከሄደበት በኋላ «ልጆቼ ሞኝ ይሉኛል» ብሎ ይደብቃል። ቀናት ያልፋሉ፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ገንዘቡን ለማዳን የሚቻልበት ሰዓትም ያልፋል። የተታለለ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ወንጀል የተፈጸመበት ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን ዋጋ ስላላቸው ወዲያው እንደሚከተለው ይደረግ።

1. ለባንኩና ለአሽራይ ኩባንያው ደውሎ ካርዱን ማዘጋት። በ2019 የወጣውና ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ የሚሠራው የክፍያ አገልግሎቶች ሕግ ሌላ ሰው ያለፈቃድ ሲጠቀም የባለካርዱን ኃላፊነት ይገድባል፤ ይልቁንም ካሳወቅን በኋላ ለሚወጣው ገንዘብ ሸክሙን ከእኛ ላይ ያነሣል። ኮዱን በፈቃዳችን ሰጥተን ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ቢሆንም ማሳወቅ አይቅር። የደወልንበትን ሰዓትና ያነጋገረንን ሠራተኛ ስም እንጻፍ።

2. ወደ 119 መደወል። ይህ የብሔራዊ የሳይበር መሥሪያ ቤት መስመር ነው፤ ሌሊትና ቀን ይሠራል። ሊንክ ነክተን ወይም ፕሮግራም ጭነን ከሆነ ምን እንደምናደርግ ይነግሩናል።

3. ዋትሳፕ ከተሰረቀ መተግበሪያውን በስልካችን ላይ እንደገና በቁጥራችን መክፈት። አዲስ ኮድ ይመጣል፤ ስናስገባው ሌባው ይወጣል። ሌባው የራሱን የምስጢር ቁጥር አስገብቶበት ከሆነ ሰባት ቀን መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ኮዱን ስናስገባ ግን ሌባው መጠቀሙን ያቆማል። ወዲያውኑም ለዘመዶች በተራ ስልክ «በስሜ ገንዘብ ቢጠየቅ አትላኩ» ማለት ያስፈልጋል።

4. መልእክቶቹን አለማጥፋት። የስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥና በፖሊስ ጣቢያ አቤቱታ ማስገባት።

5. ሕጋዊ ሻጭ በስልክ አግባብቶ ያልፈለግነውን ነገር ሸጦልን ከሆነ፣ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መብትም አለው። በርቀት የተደረገ ግዢን ባጠቃላይ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። ዕድሜው 65 ዓመት የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛና ከመጣ አምስት ዓመት ያልሞላው አዲስ ኦሌ ግን፣ ግዢው በንግግር ወይም በመልእክት ልውውጥ የተደረገ ከሆነ አራት ወር አላቸው። የመሰረዣው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል። ከ2023 ጀምሮም የሽያጭ ጥሪ ለማይፈልግ ሰው ቁጥሩን የሚያስመዘግብበት «አል ቲትካሽሩ ኤላይ» የሚባል መዝገብ በሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ተከፍቷል። ከተመዘገብን በኋላ «ልሽጥልዎ» እያለ የሚደውል እንግዳ ሰው ሲመጣ ይበልጥ እንጠረጥራለን።

በዚህ ሳምንት የሚሠሩ አራት ሥራዎች

አንደኛ፣ የሁሉም የቤተሰብ አባል ዋትሳፕ ባለ ሁለት ደረጃ ይሁን። ስልኩ በዕብራይስጥ ከሆነ «ሃግዳሮት»፣ ቀጥሎ «ሄሽቦን»፣ ቀጥሎ «ኢሙት ዱ ሽላቢ» የሚለውን ተጭኖ ስድስት አሃዝ መምረጥ ነው። የልደት ዓመት አይሁን። ሁለተኛ፣ እዚያው «ማክሺሪም ሜኩሻሪም» የሚለውን ከፍቶ የማናውቀው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ተያይዞ እንደሆነ ማየትና ማስወጣት። ሦስተኛ፣ የድምፅ ሳጥኑን ማዘጋት ወይም ቁጥሩን መቀየር። አራተኛ፣ የባንኩን፣ የአሽራዩን፣ የኩፓት ሆሊሙንና የ119ን ቁጥር በትልቅ ጽሕፈት በአማርኛ ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ከየቁጥሩ አጠገብ ምልክት ይሳልላቸው፤ ለባንክ ሳንቲም፣ ለኩፓት ሆሊም መርፌ።

በቤት ለመወያየት

ሰንበት ማታ ስልኮች ሲያርፉና ቤተሰቡ ሲሰበሰብ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አንሡ። መጀመሪያ ትልልቆቹ ይመልሱ፤ ልጆቹ ያዳምጡ።

ሀ. «ከባንክ ነኝ» ያለ ሰው የአሽራያችሁን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች በትክክል ነገራችሁና ኮድ ጠየቃችሁ። ትሰጣላችሁ? መልስ፦ አንሰጥም። የደወለው እርሱ ነው። አራቱ ቁጥሮች በደረሰኝ ላይም ይገኛሉ። ዘግተን በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር እንደውላለን።

ለ. አሜሪካ ያለ ወንድማችሁ በዋትሳፕ «ስልኬ ጠፋብኝ፤ አዲሱ ቁጥሬ ይህ ነው፤ ዛሬ ገንዘብ ላኪልኝ» ብሎ ጻፈ። ምን ታደርጋላችሁ? መልስ፦ በቀድሞው ቁጥሩ እንደውላለን፤ ካላነሣ ለባለቤቱ ወይም ለሌላ ዘመድ እንደውላለን። የቤተሰቡን ቃልም እንጠይቃለን። እስኪረጋገጥ ድረስ አንድ ሼቄል አይላክም።

ሐ. እናታችሁ ትናንት ኮድ ሰጥተው እንደነበር ዛሬ ነገሯችሁ። መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል ምንድን ነው? መልስ፦ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን አብረን እንደውል።» ቁጣው ይቅር፤ ወቀሳ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲደብቁ ያደርጋቸዋልና።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው አባባል ሰውን ሁሉ ጥሉ ማለት አይደለም። በሩን የምንከፍተው እኛ ስናንኳኳ እንጂ በሌላ ሰው ችኮላ እንዳይሆን የሚመክር ነው። የተጠራጠራችሁትን መልእክት ይዛችሁ ወደ ክሊኒክ ስትመጡ እኛም አብረናችሁ እናየዋለን። ከዚያ በፊት ግን ሊንኩን አትንኩ፤ ኮዱንም ለእኛም ቢሆን አታሳዩን።